ሱባኤ ያለው ጠበል፣ ሱባኤ የሌለው ኪኒን፦ የአንዲት የእንጦጦ ጠበልተኛ ጉዳይ

በ1999 ዓ.ም የዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ላይ፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ ታማሚዎችን በምጎበኝበት ሥራ፣ በእንጦጦ ተራራ ወገብ ላይ ከተሠሩት የጭቃ ክፍሎች በአንዷ የምትኖር ሴት አገኘሁ። ያላት ንብረት በሙሉ በክፍሉ አንድ ጥግ ተደርድሯል። ከየት እንደተቀዱ በከሰል ምልክት የተደረገባቸው ሦስት ቢጫ ጀሪካን ጠበል፣ በትንሽ የሽሮፕ ጠርሙስ የተያዘ ቅባ ቅዱስ፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ መቁጠሪያ፣ የእመቤታችን ሥዕል፣ እንዲሁም በፌስታል የተቋጠረ እምነት ነበራት። ግንባሬን እምነት ልትቀባኝ ቋጠሮውን ስትፈታ ከውስጡ ነጭ የመድኃኒት ዕቃ ወጣ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቷ ነበር፤ ከተከፈተ አራት ወር አልፎታል።

መድኃኒቱን አልዋጠችውም፤ ነገር ግን አልጣለችውም። ክፍሏ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የተከበረው ነገር ካለበት ቋጠሮ ውስጥ አብራ አስራዋለች። ይህ ጽሑፍ ይህች ሴት ኪኒኑን እንዴት እንዳቆመች፣ እንዴት እንደገና እንደጀመረች፣ በመካከሉም እኔ ራሴ የሠራሁት ስሕተት ምን እንዳስከተለ የሚተርክ ነው። ማንነቷን የሚገልጹ ዝርዝሮችን፣ የጠበሉን ቦታና የጤና ጣቢያውንም ስም ትቻለሁ።

ጉዳዩን ለመረዳት በቅድሚያ ጊዜውን ማስታወስ ያስፈልጋል። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ፣ በባሕር ዛፍ የተሸፈነ፣ አዲስ አበባን በስተ ሰሜን የሚያዋስን ተራራ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1882 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚያው በእንጦጦ ማርያም ነው። ከተማዋ ከዚያ ተራራ ወርዳ የተቆረቆረችው ፍል ውሃ አጠገብ በመሆኑ፣ በውሃ መፈወስ ለአዲስ አበባ ከራሷ ዕድሜ የማያንስ ልማድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በኢትዮጵያ በደም ናሙና የታየው በ1976 ዓ.ም ሲሆን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1978 ዓ.ም ነበር። መድኃኒቱ ግን በነፃ መታደል የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የሕክምና ተቋማት ለብዙው ሰው ከምክርና ከማስታገሻ ያለፈ የሚሰጡት አልነበራቸውም። ቤተሰብ ያገለለው፣ አከራይ ያስወጣው፣ መቆም ያቃተው ሰው ደጁ ተከፍቶ ያገኘው ጠበል ቦታ ነበር። ስለዚህ ኪኒኑ ወደ እንጦጦ ሲመጣ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ሰዉም እንደ ዘገየ እንግዳ ነበር የተቀበለው። ይህን የማያስታውስ የጤና ባለሙያ ጠበልተኛውን ግትር ነው ብሎ ይደመድማል፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ አስብ ነበር።

ባለጉዳያችን በሠላሳዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ የነበረች፣ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ የምትተዳደር የአንዲት ልጅ እናት ነበረች። በ1998 ዓ.ም የሲዲፎር ቁጥሯ፣ ማለትም ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ብዛት፣ በዚያን ጊዜ መድኃኒት ለማስጀመር ከተቀመጠው 200 በታች ሆኖ በመገኘቱ ስታቩዲን፣ ላሚቩዲንና ኔቪራፒን የያዘውን ኪኒን ጠዋትና ማታ መውሰድ ጀመረች። አምስት ወር ያህል በደንብ ወስዳለች። በጥቅምት 1999 ዓ.ም ልጇን እህቷ ዘንድ አስቀምጣ፣ የ40 ቀን ሱባኤ ልትይዝ ወደ ተራራው ወጣች።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ አጥማቂ ተነሥቶ መድኃኒትሽን ጣይ እንዳላት ሊጠብቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር በጊዜው ይነገር እንደነበር አልክድም፤ እሷንም ጎረቤቶቿ «በሁለት ልብ ጠበል አይሠራም» ብለዋታል። መድኃኒቱን ያስቆማት ግን ቃል አልነበረም፤ ሆዷ ነው። የጠበል ሥርዓት ባዶ ሆድን ይፈልጋል። ጠበልተኛው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ፣ ከእህልና ከውሃ ተከልክሎ ይጠመቃል፤ ከዚያም በብዛት ይጠጣል፤ የጠጣውንም ብዙ ጊዜ ያስመልሰዋል። ማስመለሱ ደግሞ እንደ ጉዳት አይቆጠርም፤ ሕመሙ ወይም መተቱ ወጣ ተብሎ ይመሰገንበታል። ሴትዮዋ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኪኒኗን እንደ ልማዷ ማለዳ ዋጠች፤ ጠበሉን ስትጠጣም ኪኒኑ ሳይሟሟ ተመልሶ መሬት ላይ ወደቀ። እሷም አየችው፣ አጠገቧ ያሉትም አዩት። ጠበሉ ያስወጣው ነገር እንግዲህ ምን ሊሆን ይችላል? ለተመልካቹ ሁሉ ፍርዱ የተሰጠ ያህል ነበር። ሁለት ሳምንት አንዴ እየዋጠች አንዴ እየዘለለች ቆየችና ተወችው።

ይህ አንዴ መያዝ አንዴ መልቀቅ ከሕክምናው አንጻር ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው። ኔቪራፒን በደም ውስጥ ከሌሎቹ ሁለቱ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ፣ ሦስቱ በአንድ ጊዜ ሲቋረጡ ቫይረሱ ለብዙ ቀናት ብቻውን ከቀረ አንድ መድኃኒት ጋር ይጋፈጣል፤ በዚያም መላመድን ይማራል። የሚያሳዝነው በዚያን ጊዜ በምትክነት ይቀመጥ የነበረው ሌላው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ ኢፋቪሬንዝ፣ ከኔቪራፒን ጋር አንድ ወገን በመሆኑ፣ አንዱን የለመደ ቫይረስ ሌላውንም ሊለምድ መቻሉ ነው።

በመጀመሪያ ጉብኝቴ ይህንን ሁሉ ልነግራት አልሞከርኩም፤ በመጽሐፍ ልረታት ነው የሞከርኩት። የቄስ ልጅ በመሆኔ በዚህ በኩል ስንቅ ነበረኝ። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነና አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው መጻፉን ነገርኳት። ሕዝቅያስ ሊሞት ደርሶ ሳለ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያኖሩለት ማዘዙን ጨመርኩ። እሷም በትዕግሥት አዳምጣኝ፣ ራሷ ስለ ንዕማን አነሣችልኝ። «ወንድሜ፣ ንዕማን በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ተጠመቀና ነጻ፤ ከዚያ አገሩ ገባ። ስምንተኛ ቀን ና አልተባለም። ያንተ መድኃኒት ግን መቼ ነው ሂጂ የሚለኝ?» አለችኝ።

በዚያን ዕለት መልስ አጣሁ፤ የጥያቄው ትርጉም የገባኝም ከወራት በኋላ ነው። በቤተ ክርስቲያን የተባረኩት ነገሮች በሙሉ፣ ጠበሉም፣ እምነቱም፣ ቅባ ቅዱሱም፣ የሕሙማን ጸሎት የሆነው ቀንዲልም፣ ለበሽተኛው የሚሰጡት በቁጥር ነው። ሰባት፣ 14፣ 21፣ 40 ቀን ይባላል። መጀመሪያ አለው፤ ፍጻሜም አለው፤ በፍጻሜው ሰውየው ስለት ያገባል፣ ምስክርነት ይሰጣል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሱባኤውን የጨረሰ ሰው ያልዳነ እንኳ ቢሆን አንድ ነገር ፈጽሟል። ኪኒኑ ግን ዕድሜ ልክ ይወሰዳል ከሚል ቃል ጋር ነው የሚመጣው። እኛ ይህን ቃል ተስፋ አድርገን እንናገረዋለን፤ ለእሷ ግን አትድኚም ከሚል ፍርድ አይለይም ነበር።

በግንቦት ወር 1999 ዓ.ም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጋጩ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ መጠቀም እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ተራራው ላይም የብዙዎችን ልብ ማሳረፉን አይቻለሁ፤ ኪኒናቸውን ሸሽገው ይውጡ የነበሩ ሰዎች ከዚያ በኋላ በጎረቤታቸው ፊት መዋጥ ጀመሩ። ነገር ግን የሚፈቀድ መሆኑን ማወቅና መቼ፣ በምን ቅደም ተከተል፣ እስከ መቼ የሚለውን ማወቅ የተለያዩ ናቸው። የእኔ ባለጉዳይ የጎደላት ሁለተኛው ነበር።

እሷ ወደ ጤና ጣቢያ የወረደችው ከዚህ ንግግር ቀደም ብሎ፣ ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያ ነው። ያወረዳትም የእኔ ምክር አልነበረም፤ ሳል ነው። በተራራው ላይ በአንዲት ክፍል አምስትና ስድስት ሰው ተጠጋግቶ ያድር ነበር፤ በብርዱ ምክንያት መስኮት አይከፈትም። የሳንባ ነቀርሳ ከዚህ የተሻለ ማረፊያ አያገኝም። የአክታ ምርመራዋ በሽታውን አሳየ። የነቀርሳው መድኃኒት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በጤና ባለሙያ ፊት በየቀኑ የሚዋጥ ስለነበር፣ በየጠዋቱ ቁልቁል መውረድ ግድ ሆነባት።

እዚህ ላይ ያልጠበቅነው ስምምነት ተገኘ። ከነቀርሳው መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ከምግብ ጋር ሳይሆን በባዶ ሆድ ሲወሰድ ይበልጥ ወደ ደም ይገባል። ጠበልተኛ ደግሞ በባዶ ሆድ መዋልን የሚያውቅ ሰው ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተጠምቃ፣ ጠጥታ፣ አስመልሳ፣ ሆዷ ረግቶ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ እህል ሳትቀምስ ትደርሳለች፤ መድኃኒቷን ትውጣለች፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁርሷን ትበላለች። ከሌሎች ታማሚዎች ጋር በየጠዋቱ ቁርስ በልታችኋል ወይ እያልን እንጨቃጨቅ ነበር፤ ከእሷ ጋር አንድም ቀን አልተጨቃጨቅንም። መድኃኒቱ ሽንትን ብርቱካንማ ቀይ ስለሚያደርግ አስቀድመን ነገርናት፤ እሷ ግን ለጎረቤቶቿ «በሽታው እየወጣ ነው» ብላ ነገረቻቸው፤ በዚህም የተነሣ ሁለት የሚያስሉ ጎረቤቶቿን ይዛልን መጣች። ማረም ነበረብን ወይ? አላረምንም።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቷን እንደገና ማስጀመር ተወሰነ። ሪፋምፒሲን የኔቪራፒንን መጠን በደም ውስጥ ስለሚቀንስ ማታ በሚዋጥ ኢፋቪሬንዝ ተለወጠላት፤ ሌሎቹ ሁለቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓትና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሆኑ። ጠበሉ ኪኒኑን እንዳያስወጣው ሰዓቱ አራርቋቸዋል። ይህ ብቻ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ሥራውን ላሳምረው ብዬ አንድ ሐሳብ ጨመርኩ፦ የነፍስ አባቷ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ጸልየው መስቀላቸውን እንዲያሳርፉበት። አዛውንቱ ካህን ትንሽ አመነቱ። «እግዚአብሔር የፈጠረውን እኛ ካልባረክነው አይሠራም ማለት እንዳይሆን» አሉኝ። ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ። እሷ በደስታ አለቀሰች። እኔም ችግሩን የፈታሁ መስሎኝ ረክቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በአንድ ወሩ የኪኒን ቆጠራ ስናደርግ የአምስት ቀን መድኃኒት ሳይነካ ተገኘ። ቀናቱ ተከታታይ ነበሩ። ረስታ እንደሆነ ጠየቅናት፤ አልረሳሁም አለች። አሟት እንደሆነ ጠየቅናት፤ አይደለም አለች። እኔ ስወጣ ለሥራ ባልደረባዬ፣ ለነርሷ፣ ነገረቻት። በልማደ አንስት ላይ ነበረች። በዚያ ጊዜ ሴት ወደ ጠበሉ አትወርድም፤ ቤተ መቅደስም አትገባም። መስቀል ያረፈበትን ዕቃስ እንዴት አድርጋ በእጇ ትነካለች? ከጣራው ሥር ከሥዕሉ አጠገብ ሰቅላ፣ እስክትነጻ ጠበቀች። መስቀል ያላረፈበትን የነቀርሳ መድኃኒት በነዚያው አምስት ቀናት አንድም ቀን አላጓደለችም። በእርግጥ ያኛው በእኛ ዓይን ሥር የሚዋጥ ስለነበር ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም፤ ነገር ግን ራሷ «እሱማ ተራ መድኃኒት ነው» ማለቷ ለእኔ በቂ ማስረጃ ነበር።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። ነርሷ ጠበቅ አድርጋ ስትጠይቃት፣ የተባረከው ኪኒን 40 ቀኑ ሊሞላ ጥቂት ቀን እንደቀረው፣ በአርባኛው ቀን ጨርሳ ምስክርነት ልትሰጥ እንዳሰበች ነገረቻት። የጧፍና የዕጣን ስለቷንም ገዝታ አስቀምጣለች። አካሏ በርትቷል፤ ሳሏ ጠፍቷል፤ ሙሉ ሌሊት ትተኛለች። ምስክርነቱ ሐሰት አይሆንም ነበር። ኪኒኑን የተባረከ ነገር እናድርገው ስል፣ የተባረኩ ነገሮችን የሚገዛው ሕግ በሙሉ አብሮ ወደ ዕቃው እንደሚገባ አላሰብኩም፤ ንጽሕናው፣ ቁጥሩ፣ ፍጻሜው ሁሉ ገብቷል። ካህኑ ያመነቱበት ነገር ይህ ባይሆንም ማመንታታቸው ትክክል ነበር።

ወደ እሳቸው ተመልሼ ሄድኩ፤ የሆነውንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አልገሠጹኝም። በመጀመሪያ የጠየቁኝ ሌላ ነገር ነው፤ «ይህ የማታው መድኃኒት ሕልም ያሳያል እንዴ?» አሉኝ። ኢፋቪሬንዝ ጎልቶ የሚታይ፣ አንዳንዴም የሚያስጨንቅ ሕልም እንደሚያመጣ ነገርኳቸው። እሳቸውም በየሳምንቱ ሕልሟን ስትነግራቸው መቆየቷን፣ እንዲያው ዝም ብለው ሲሰሟት መሰንበታቸውን ገለጹልኝ። ይህን ለእኛ ነግራን አታውቅም፤ እኛም ጠይቀናት አናውቅም።

በማግሥቱ አስጠርተዋት ሦስታችን ከደጀ ሰላሙ ጎን ተቀመጥን። ንግግራቸው አጭር ነበር። «ልጄ፣ ውዳሴ ማርያም ትደግሚያለሽ?» አሏት። «እደግማለሁ አባቴ።» «ሱባኤሽ ሲያልቅ ትተያለሽ?» «ኧረ አልተውም።» «በልማድሽ ጊዜስ ቤትሽ ሆነሽ መጸለይ ታቆሚያለሽ?» «አላቆምም።» «እንግዲህ ይሄ ኪኒን እንደ ጠበሉ አይደለም፤ እንደ ውዳሴ ማርያሙ ነው። የሰኞው ለሰኞ፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ። እሑድ ደርሰሽ ስትጨርሺ ሰኞ ትመለሺበታለሽ።»

ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ፣ ለየዕለቱ የራሱ ድርሻ ያለው ጸሎት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የያዘችው፣ ማንም መቼ ይፈጸማል ብሎ የማይጠይቀው ነገር ነበር። በሙያዬ «ያለማቋረጥ መውሰድ» እያልን በሥልጠና ስንት ሰዓት የፈጀንበትን ሐሳብ ካህኑ በሴትዮዋ ቤት ውስጥ ቀድሞ ከነበረ ነገር ጋር አገናኙት። መስቀላቸውን ከዕቃው ላይ ማንሣት አይቻላቸውም፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ወር አዲሱን ዕቃ ይዛ ስትመጣ «የእኔ ቡራኬ ለአንቺ ነው፤ ለዕቃው አይደለም» ብለው እሷን ብቻ ባርከው አሰናበቷት።

አርባኛው ቀን ሲደርስ ስለቷን አገባች። ምስክርነትም ሰጠች፤ ስትናገር ቆሜ ሰምቻታለሁ። ድኛለሁ አላለችም፤ ተነሥቻለሁ ነው ያለችው። በአማርኛ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ለሚሰማ ሰው ሰፊ ነው። ከሕዝቡ መካከል አንዲት ሴት «ኔጌቲቭ ሆንሽ?» ብላ ስትጠይቃት «ልመረመር አልሄድኩም» ብላ አለፈቻት። ሄዳም ቢሆን የተለመደው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ምንም ያህል ቢሠራላት ውጤቱ አይለወጥም ነበር። ይህን አስቀድመን ነግረናት ነበር፤ ለካ ከነገርናት ብዙ ነገሮች መካከል የያዘችው አንዱ እሱ ኖሯል።

ይህን ጉዳይ ሙሉ በሙሉ እንደተሳካ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። በጥቅምቱ መቋረጥ ምክንያት ቫይረሱ መድኃኒቱን ለምዶ እንደሆነ የምናይበት መሣሪያ በጤና ጣቢያችን አልነበረም፤ የነበረን ሲዲፎር ብቻ ነው፤ እሱም በዝግታ ከፍ ይል ነበር። ከእሷ ጋር ያደሩት ክፍል ተጋሪዎቿ በሙሉ አልተመረመሩም፤ ሁለቱ በጠራናቸው ጊዜ ወደ ሌላ ጠበል ሄደው ነበር፤ የት እንደሄዱ የሚያውቅ አልተገኘም። የነፍስ አባቷ እንዳሉት ያለ ቃል ሁሉም ካህን ይናገራል ማለትም አይደለም። አንድ ሰው ያገኘው መልስ ለዚያች ሴት፣ ለዚያ ቤት የተነገረ ነው፤ በወረቀት አባዝተን ብናድለው ያው እንደኛ ፖስተር ይሆን ነበር።

በ2000 ዓ.ም ጥቅምት ላይ ልጇን ይዛ ወደ ዘመዶቿ ወደ ሱሉልታ ለመዛወር ስትነሣ የዝውውር ወረቀቷን የሞላሁት እኔ ነበርኩ። ቅጹ የመድኃኒቱን ዓይነት፣ የተጀመረበትን ቀን፣ የተቋረጠበትን ጊዜና ምክንያቱን ይጠይቃል። ለምክንያቱ የተተወው ቦታ ሁለት ቃል እንኳ አይዝም። «ጠበል» ብዬ ልጽፍ ብዬ ተውኩት፤ ትክክል አልነበረምና። ከዚያ ይልቅ በኅዳጉ ላይ፣ አቆልቁዬ፣ በደቃቅ ፊደል እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጠበል ትጠጣለች፤ ያስመልሳታል። የጠዋቱን ኪኒን ከ3 ሰዓት በፊት አትስጧት። ሕልሟን ጠይቋት።»